ደንባራ ፈረስ ላላችሁ አባላት

ጤና ይስጥልን። ጥር 23 የሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓላችን እየደረሰ ነው፤ እንጅባራ ላይ ሕዝቡም እልልታውም ድምፅ ማጉያውም በአንዴ ነው የሚመጣው። ደንባራ ፈረስ ያላችሁ ከአሁኑ ገበያ አካባቢ እያወጣችሁ አለማምዱት። መጀመሪያ ራቅ ብሎ ይቁም፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ ረጋ ሲል ትንሽ አስጠጉት። ሲደነብር እባካችሁ አለንጋ አታንሱ! ግርግር ባየ ቁጥር ዱላ የሚመጣ ይመስለዋል፣ ያንን ማስረሳት ደግሞ ከባድ ነው። ይልቅ ጋማው የሚያልቅበትን፣ ከኮርቻው ፊት ያለውን ቦታ በጣታችሁ እከኩለት፤ ፈረሶች እርስ በርስ የሚተካከኩት እዚያ ነው፣ የልብ ምቱም ቀስ ይላል። በባዶ ሆዱ አታምጡት፣ ድርቆሽ ቢጤ ይቅመስ። ዛቡን አታጥብቁ፤ የእጃችሁ ጭንቀት አፉ ላይ ይሰማዋል። የማን ፈረስ እንደሚደነብር ቀድማችሁ ንገሩን፣ ከረጋ ፈረስ ጎን እናሰልፈዋለን።