«ምስሉ ንጹሕ ነው» ብለው የወንድሜን መዝገብ ለዘጉት ኃላፊ

ይድረስ ለቀድሞ ወታደሮች የሕክምና ቦርድ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ማመልከቻ አስገብቻለሁ፤ መልስ የለም። ቢሮዎ ድረስ መጥቻለሁ፤ «ታይቷል» ተብዬ ተመለስኩ። ማን እንዳየው፣ ምን እንዳየበት የነገረኝ የለም። ስለዚህ ሰው ሁሉ እያነበበው ልጻፍልዎ።

ታላቅ ወንድሜ አጠገቡ ፈንጂ ፈንድቶ ራሱን ስቷል። ከፍንዳታው በኋላ የሆነውን እስከ ዛሬ አያስታውስም። ይህን የጻፈው የእናንተው ሐኪም ነው። እዚያው ገጽ ላይ ዝቅ ብሎ ደግሞ «ሲቲ ስካን ንጹሕ፤ ጉዳት የለም» ይላል። መዝገቡ የተዘጋው በዚህች መስመር ነው።

ደንቡን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ቀላል የሚባለው የአንጎል ጉዳት የሚለየው በደረሰው ነገርና በምልክቱ ነው፦ ራስን መሳት፣ መርሳት፣ ግራ መጋባት። ሲቲ ስካን ስብራትና የደም መፍሰስ ጥሩ አድርጎ ያሳያል። የተጎዱ ቀጫጭን የነርቭ ክሮችን ግን አያሳይም። እ.ኤ.አ. በ2011 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን በሚባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ፍንዳታ የጎዳቸውን 63 የአሜሪካ ወታደሮች መርምሯል። በሲቲ ስካን አንዳቸውም ላይ ምንም አልታየም። ዲቲአይ በሚባለው የኤምአርአይ ዓይነት ሲታዩ ግን 18ቱ ላይ የነርቭ ክር ጉዳት ምልክት ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ላንሴት ኒውሮሎጂ በሚባል ሌላ የሕክምና መጽሔት ላይ፣ ፍንዳታ ደርሶባቸው የነበሩ ወታደሮች አንጎል ከሞቱ በኋላ በማይክሮስኮፕ ሲመረመር የተለየ ጠባሳ እንደተገኘበት ተጽፏል። ወንድሜ እስኪታመን መሞት አለበት?

ዲቲአይም ቢሆን ገና በምርምር ላይ ያለ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ። የብዙ ሰዎችን አንጎል ለማወዳደር ይጠቅማል እንጂ አንድን ሰው ለብቻው ለመመርመር ገና አልበቃም። ጥሩ። ምስል ብቻውን «ጉዳት አለ» ለማለት ካልበቃ፣ ከእሱ ያነሰው ሲቲ ስካን ብቻውን «የለም» ለማለት እንዴት በቃ?

ቦርዱ ፊት የቀረበ ቀን አብሬው ነበርኩ። ነገር ስለሚጠፋበት መዳፉ ላይ በእስክሪብቶ ይጽፋል። የዚያን ቀንም «ራስ ምታቱን ንገር፤ እንቅልፉን ንገር» ብሎ ጽፎ ነበር። ተራ ስንጠብቅ ላቡ ግማሹን አጠፋው። ገብተን ገና ሳይቀመጥ ሐኪሙ ፊልሙን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጎ አየና «ንጹሕ ነው፤ ጭንቀት ነው» አለ። ወንድሜ መዳፉን እያየ ቆሞ ቀረ። የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ወደ ጭንቀት ክፍሉ ሄድን። እነሱ ደግሞ «የሚረሳውና ራሱን የሚያመው ከጭንቅላት ምት ነው፤ እዚያው ይታይ» ብለው መለሱን። አንዱ ለሌላው እየወረወረው ይኸው አለን። ፒቲኤስዲ የሚባለው የጭንቀት ሕመምና የአንጎል ጉዳት ብዙ ምልክት ይጋራሉ፦ እንቅልፍ ማጣት፣ ቶሎ መቆጣት፣ ሐሳብ መሰብሰብ አለመቻል። አንድ ወታደር ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል፤ ብዙዎቹም ይዘዋል። «ጭንቀት ነው» ማለትስ ከመቼ ወዲህ ነው ሰውን ያለ ሕክምና ማሰናበቻ የሆነው? ጭንቀቱም ያገኘው እዚያው ጦር ሜዳ ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። መዝገቡ ይከፈት። የሁለቱም ክፍል ሐኪሞች አንድ ላይ ሆነው ይዩት፤ ፊልሙን ከማየታቸው በፊት እሱን ያናግሩት። በሲቲ ስካን ብቻ የተዘጉ የሌሎች ወታደሮች መዝገቦችም እንደገና ይታዩ። አሁንም «የለም» የምትሉ ከሆነ ምክንያቱን በጽሑፍ ስጡን፤ የወሰነው ሐኪም ስምና ፊርማ ይኑርበት። ይግባኝ የምለው በዚያ ወረቀት ነው።

እህቱ