ለሐረሪ ክልል ጤና ቢሮ፦ መርዙ የሚረጨውን ሰው ብቻ አይመርጥም

ለተከበሩ የቢሮ ኃላፊ፣

በሶፊ፣ በኤረርና በድሬ ጥያራ ገጠር ጫትና አትክልት ላይ ፀረ ተባይ ኬሚካል የሚረጨው አብዛኛውን ጊዜ ወንዱ ነው። መርጫውን በጀርባው አዝሎ፣ አፉን በሻሽ ሸፍኖ ወይም ጨርሶ ሳይሸፍን ከማሳ ማሳ ይዞራል። የእርሱ አደጋ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ማታ ግን በኬሚካል የራሰ ሸሚዙን አውልቆ ለሚስቱ ይሰጣል። እርሷም በባዶ እጇ፣ ምናልባትም የልጆቿን ልብስ ባጠበችበት ሳፋ ታሸዋለች። ጫቱ ሲደርስ ለይታ የምታስረው፣ ሸዋ በር ወይም ፈላና በር ተቀምጣ የምትሸጠው እርሷው ናት። ባዶውን የኬሚካል ጄሪካን አጥባ ውኃ የምትቀዳበትም አለች። ኦርጋኖፎስፌት የሚባሉት ፀረ ተባዮች በትንፋሽ ብቻ ሳይሆን በቆዳም ወደ ሰውነት ይገባሉ፤ ለመመረዝ መርጫ ማዘል ግድ አይደለም።

የመመረዙ ምልክት ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ላብ፣ የዓይን ብዥታ ነው። ወንዱ ከርጭት መልስ እንዲህ ሲያደርገው ቢያንስ ምን እንደረጨ የሚጠይቀው ይገኛል። ሴቷ ግን ምች መታት ተብሎ ዳማ ከሴ ይታሽላታል። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ሁሉም ነገር በእርግዝናው ይሳበባል። ስለዚህ የእርሷ መመረዝ መዝገብ ላይ የሚወጣበት መንገድ የለም።

የእርሻ ሥልጠና በአባወራ ስም ሲጠራ ሴቷ ስለ ኬሚካል የምታውቀው ባሏ ከነገራት ብቻ ነው። (ባሎች ከስብሰባ የሰሙትን ሁሉ ቤት ገብተው ይናገራሉ ብሎ ማመን ትልቅ ደግነት ነው።) የጤና ኤክስቴንሽኑ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ባለሙያዋ ቤት ስታንኳኳ የምታገኘው እናትና ሕፃን ነው፣ ወሬውም ክትባት፣ ወሊድና የቤተሰብ ምጣኔ ነው። እነዚህን የማጣጥል አይደለሁም፤ ብዙ ሕይወት አትርፈዋል። ነገር ግን አንዱ መሥሪያ ቤት ባልን ገበሬ አድርጎ፣ ሌላው ሚስትን እናት አድርጎ ብቻ ሲያይ ሁለቱም በሌላው ገጻቸው ሳይታዩ ይቀራሉ።

ወንዱም በዚህ ይጎዳል። ጫት ሌባ ስለሚበዛበት ሌሊት ማሳ ዳር የሚያድረው እርሱ ነው፤ አጎበሩ ግን የተሰቀለው ቤት ውስጥ ነው። እንቅልፍ ለማባረር ሲቅም ያነጋል። ካልወደቀ በቀር ጤና ኬላ ስለማይሄድ የደም ግፊቱን የሚለካለት የለም።

የምድጃ ጭስ ሌላ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ ትራኮማም እንዲሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሴቶች በትራኮማ የሚታወሩት ከወንዶች እስከ 4 እጥፍ ነው፤ ምክንያቱም ከታመሙ ሕፃናት ጋር የሚውሉት እነርሱ ናቸው።

የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 674/2002 ከወጣ ቆይቷል። ሆኖም ጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ ኦሮምኛ ለሚናገረው የአካባቢያችን ገበሬ ምንም የማይነግረው ከሆነ፣ ዐዋጁ ማሳ ድረስ አልደረሰም ማለት ነው። ስለዚህ ከግብርና ቢሮ ጋር ተቀምጣችሁ ሥልጠናውን ለባልና ለሚስት በአንድነት፣ በኦሮምኛ፣ ሴቶች ገበያ በማይውሉበት ሰዓት ስጡ። የርጭት ልብስ ለብቻው በተለየ ሳፋ፣ በጓንት እንደሚታጠብ፣ ከርጭት በኋላ ስንት ቀን ሳይለቀም መቆየት እንዳለበት ይነገራቸው። ሌሊት ለሚጠብቁት ማሳ ላይ የሚያድር ተጨማሪ አጎበር ይታሰብላቸው። በጤና ኬላና በጤና ጣቢያ ራሷን ያመማት ሴት ሁሉ የርጭት ልብስ አጥባ ወይም ጫት ለይታ እንደሆነ ትጠየቅ፤ መልሷም ይመዝገብ።

መዝገቡ ላይ አንድ ዓምድ መጨመር ብዙ በጀት አይጠይቅም። ለተመረዘ ሰው የሚሰጠው አትሮፒን ግን ይጠይቃል። ለገጠሩ ቅርብ በሆኑት ጤና ጣቢያዎች ውስጥ በየትኞቹ እንደሚገኝ ቢሮዎ በይፋ እንዲያሳውቀን እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የሐረር ነዋሪ