የሚኒ ሚዲያ ክበብ፦ ቴሌግራም የከፈትንበት ዓመት

በ2017 የትምህርት ዘመን ክበባችን ከድምፅ ማጉያው ሌላ ቴሌግራምም ጀምሯል። በሰልፍ ሰዓት ዜናና ግጥም ማንበቡ አልቀረም። ግን ጠዋት የተነበበ ማስታወቂያ ላረፈደ ተማሪ አይደርስም። ስለዚህ ለማስታወቂያ ቻናል፣ ለጥያቄና መልስ ደግሞ ግሩፕ ከፈትን። ቻናል ላይ የሚለጥፉት አድሚኖች ብቻ ስለሆኑ ጣጣ የለውም። ጉዱ ያለው ግሩፑ ጋ ነው።

ከ7ኛና 8ኛ ክፍል ልጆች ብዙዎቹ የሚገቡት በወላጅ ስልክ ነው። አንድ ማታ አንዲት እናት፣ ልጃቸው ስትተኛ፣ የሒሳቡን ጥያቄ ራሳቸው ሠርተው ላኩ። መልሱ ልክ ነበር። መምህሩም «ጎበዝ ልጅ! በዚሁ ቀጥዪ» አሏቸው። ከዚያ ወዲህ የሚጽፍ ሁሉ ስምና ክፍሉን ያስቀድማል፤ ግሩፑም ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ይዘጋል። ቤቱ ስማርት ስልክ ለሌለ ተማሪ ደግሞ ሁሉም ነገር ታትሞ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።

በአይሲቲ ክፍል ስልክ ቁጥር መደበቅን፣ ማንም እየተነሣ ግሩፕ ውስጥ እንዳያስገባን መከልከልን፣ ሁለተኛ የይለፍ ቃል ማድረግን አሠልጥነናል። ይህን ወዲያው ያዙት። ያስቸገረን ያገኙትን ሁሉ ፎርዋርድ ማድረግ ነው።

በ2008 የ12ኛ ክፍል ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ሲቋረጥ የዛሬ ተፈታኞች ገና ሕፃናት ነበሩ። ከ2015 ጀምሮ ተፈታኞችን ዩኒቨርሲቲ አስገብቶ መፈተን የመጣውም ስርቆትን ለመከላከል ነው። ሆኖም ፈተና ሲቃረብ «ወረቀቱ እጃችን ላይ ነው፣ ብር አስገቡ» የሚሉ ቻናሎች እንደ አሸን ይፈላሉ።

ግንቦት ላይ አንዱ ተማሪ እንዲህ ያለ የባዮሎጂ ገጽ ግሩፑ ላይ ጣለ። ጫፉ ላይ የሰው አውራ ጣት ይታያል፤ ዓመተ ምሕረቱ ተሸፍኗል። ግሩፑ ተንጫጫ። አንዲት የ12ኛ ክፍል አባላችን በማግሥቱ ከቤተ መጻሕፍት የድሮ ፈተናዎችን ጥራዝ አወጣች። ከጥያቄ ቁጥሩ እስከ ሥዕሉ ቁርጥ ያው ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋ በክበቡ ካሜራ አነሣችና ቻናሉ ላይ ለጠፈችው። ከሥሩ «ላይብረሪ በነፃ አለ» ብቻ ብላ ጻፈች። እኔ ብሆን ሁለት ገጽ ምክር እጽፍ ነበር። ከዓመቱ ልጥፎቻችን ሁሉ ብዙ ሰው ያየው ያንን ነው።

እሷ ዘንድሮ ተመርቃ ትሄዳለች። እንዲህ ያለውን ወሬ የሚያጣራው የክበባችን ቡድን ሰው ይፈልጋል፤ ምዝገባው መስከረም ላይ በአይሲቲ ክፍል ነው። ፖስተር መሥራት የሚችልም ካለ ብቅ ይበል፤ የዘንድሮዎቹን የሠራኋቸው እኔ ስለሆንኩ ምክንያቱን አይታችሁታል።