የተበላሸ ፋይል ስለተገኘ ኮምፒውተር ሁሉ ፎርማት አይደረግ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በሐዋሳ ከተማችን አንዳንድ የኮምፒውተር ጠጋኞች፣ የቆየ ጌም አልከፈት ባለ ቁጥር ኮምፒውተሩን ፎርማት ማድረግን፣ ማለትም በውስጡ ያለውን ሁሉ መደምሰስን፣ ብቸኛ መፍትሔ አድርገው መያዛቸው ስላሳሰበኝ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ። የታናሽ ወንድሜ ኮምፒውተር በዚህ መንገድ «ሲጠገን» የትምህርት ቤት ጽሑፎቹም አብረው ጠፍተዋል።

በ2005 እ.ኤ.አ. ለኮምፒውተር የወጣውን ጂቲኤ ሳን አንድሪያስን ለአብነት እንውሰድ። ይህ ጌም የስክሪን፣ የድምፅና የቁልፎች ምርጫችንን የሚያስቀምጠው በዶክመንትስ ውስጥ በራሱ ስም በሚከፍተው ፎልደር፣ «ጂቲኤ_ኤስኤ» በተባለች ትንሽ ፋይል ነው። ፋይሏ በምትጻፍበት ቅጽበት መብራት ቢጠፋ ልትበላሽ ትችላለች፤ ያን ጊዜ ጌሙ ገና ሲነሣ ይዘጋል፣ ወይም ማውሱ አልታዘዝ ይላል። መፍትሔው ጌሙን ዘግቶ ያችን ፋይል ብቻ ማጥፋት፣ ለጥንቃቄም ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ነው፤ ጌሙ እንደገና ሲከፈት አዲስ ፋይል ራሱ ይፈጥራልና፣ የሚቀረው ምርጫዎቹን መልሶ ማስተካከል ነው። ፎልደሩን በሙሉ ማጥፋት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ሴቭ የተደረጉት ጨዋታዎችም የሚቀመጡት እዚያው ስለሆነ፣ ልጆች ለወራት የደከሙበት ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

ጠጋኞቻችን ፎርማት ከማድረጋቸው በፊት ይህን እንዲሞክሩ፣ ባለንብረቱንም ፋይሎቹን ኮፒ አድርጎ እንደሆነ አስቀድመው እንዲጠይቁ አደራ እላለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢ፣ ከሐዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ