ዕርቁ ላይ ጠበቃው የት ነው?

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ ፍርድ ቤቶች የምታወጧቸውን ዘገባዎች አነባለሁ። መዝገብ በዛ፣ ዳኛ አነሰ፣ ቀጠሮ ረዘመ ትላላችሁ። እውነት ነው። ስለ ፍርድ ቤት መር አስማሚነትም፣ ማለትም ፍርድ ቤቱ ራሱ ተከራካሪዎችን ወደ አስማሚ ስለሚልክበት አሠራር መጻፍ ጀምራችኋል፤ እሰየው ነው። ግን ዳኛውን ታነጋግራላችሁ፣ አስማሚውን ታነጋግራላችሁ፣ አልፎ አልፎ የሀገር ሽማግሌም ትጠይቃላችሁ። ጠበቃውን የሚጠይቀው የለም። ባለጉዳይ ደግሞ ከሁሉም በፊት የሚሄደው እሱ ጋ ነው። ልክሰስ ወይስ ልታረቅ የሚለው ነገር ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው በጠበቃ ቢሮ፣ ገና በመጀመሪያው ቀን ነው።

እኔም አዲስ አበባ የምሠራ ጠበቃ ነኝ። የምለው ነገር የሙያ ባልደረቦቼን ሁሉ ደስ ላያሰኝ ይችላል። ሕጉ የዕርቅን በር ከከፈተ ቆየ። የቀረው የእኛ የጠበቆች አሠራር ነው፤ በተለይ የክፍያ ውላችን።

ሕጉን በአጭሩ ላንሳ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ዕርቅ ራሱን የቻለ ክፍል አለው። የ1958ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ ተከራካሪዎች ክርክሩ የትም ደረጃ ላይ ቢደርስ መታረቅ ይችላሉ ይላል። 2013 ዓ.ም. ላይ ደግሞ ነገሩ ተከታተለ። አዋጅ 1234 አስማሚነትን ፌዴራል ፍርድ ቤቶች ውስጥ አስገባ። አዋጅ 1237 የግልግል ዳኝነትንና የዕርቅን አሠራር ደነገገ። ኦሮሚያም በዚያው ዓመት የባህል ፍርድ ቤቶችን በአዋጅ አወቀች። በአንድ ወገን ፍርድ ቤቱ፣ በሌላ ወገን ሽማግሌው ወደ ዕርቅ እየሳቡ ነው። እኛ መሀል ቆመን መልስ፣ የመልስ መልስ እንጽፋለን።

የውርስ ጉዳይ ልውሰድ፤ የምሠራው በአብዛኛው እሱን ስለሆነ። ወላጆች ያልፋሉ፣ አንድ ቤት ይተዋሉ፣ ልጆቹ አራት አምስት ናቸው። አንዱ እዚያው ቤት ውስጥ ይኖራል። አንዷ አሜሪካ ናት፣ አንዷ ቤይሩት ወይም ዱባይ። ቤት ውስጥ ያለው "እናቴን ያስታመምኩት እኔ ነኝ" ይላል። ውጭ ያሉት "ቤቱ የታደሰው እኛ በላክነው ገንዘብ ነው" ይላሉ። ሁሉም እውነታቸውን ነው። ሕጉ ግን ለሁለቱም ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ የለውም። የእሱ መልስ "እኩል ተካፈሉ፣ መካፈል ካልተቻለ ይሸጥና ገንዘቡን ተካፈሉ" ነው።

ክሱ ይከፈታል። መጀመሪያ ደረጃ፣ ከዚያ ይግባኝ፣ ከዚያ ሰበር። እዚያም ያልበረደለት ሰው የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ድረስ ይሄዳል። የእናት ቤት የሕገ መንግሥት ጥያቄ ሆኖ ሲቀርብ ማየት ለእኛ ብርቅ አይደለም። በመጨረሻ አፈጻጸም ይመጣል፣ ቤቱ ለሐራጅ ይወጣል። እስከዚያ ድረስ ወንድምና እህት ለቅሶ ቤት እንኳ ሲገናኙ በተለያየ ድንኳን ነው የሚቀመጡት። የተዝካሩ ወጪ ራሱ ክስ ውስጥ ገብቶ አይቻለሁ።

እነዚህ ሰዎች መጀመሪያ ቀን የፈለጉት ምን ነበር? ያስታመመው ልጅ ድካሙ እንዲታወቅለት። ገንዘብ የላከችው ልጅ "የት ገባ?" ስትል በቅጡ የሚመልስላት ሰው እንድታገኝ። ይህን በአንድ ከሰዓት መናገር ይቻላል። በክስ ማመልከቻ ግን አይጻፍም፤ ብንጽፈውም ዳኛው "ጭብጥ አይደለም" ብሎ ያልፈዋል፤ ሥራው ነውና አይፈረድበትም።

እዚህ ላይ ከሙያው ውጭ ያለ ሰው የማያውቃት አንዲት ነገር አለች። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ወኪል ልዩ ሥልጣን ካልተሰጠው በቀር ስለ ወካዩ ሆኖ መታረቅ አይችልም። ውክልናው ላይ "ለመታረቅ" የሚል ቃል በግልጽ መኖር አለበት። ከውጭ በኤምባሲ በኩል የሚመጡ ውክልናዎችን ስታዩ "ለመክሰስ፣ ለመከሰስ፣ ይግባኝ ለማለት" ሞልቶ "ለመታረቅ" የጠፋባቸው አሉ። ሽማግሌዎች ነገሩን ጨርሰው፣ ቡና ተጠጥቶ፣ ፊርማ ላይ ሲደረስ ወኪሉ "ሥልጣን የለኝም" ይላል። አዲስ ውክልና እስኪመጣ ወራት ያልፋሉ፤ በወራት ውስጥ ደግሞ ሰው ሐሳቡን ይቀይራል። ውጭ ያላችሁ አንባቢዎች፣ እባካችሁ ውክልና ስትሰጡ ይህችን ቃል አስገቡ። አስተማማኝ ሰው ካልሆነ ደግሞ ጭራሹኑ ውክልናውን አትስጡት።

አሁን ወደ ገንዘቡ። የጥብቅና ክፍያ በብዙ ቢሮ እንዲህ ነው፦ ቅድሚያ የተወሰነ፣ ክስ ሲሰማ የተወሰነ፣ ፍርድ ሲሰጥ የቀረው። ይግባኝ ከሆነ ሌላ ውል። አንዳንዱ ከሚፈረደው ላይ በመቶኛ ይዋዋላል። ታዲያ በሁለተኛው ወር ተከራካሪዎቹ ቢታረቁ ጠበቃው ምን ያገኛል? ውሉ ዝም ካለ ጭቅጭቅ ነው የሚያገኘው። ደንበኛው "ምን ሠራህና?" ይላል። በእርግጥ ያን ጊዜ የተሠራው ሥራ አይታይም፤ ስልክ መደወል፣ ከሌላው ጠበቃ ጋር ሻይ መጠጣት፣ የተቆጣን ሰው ማብረድ፣ ረቂቅ ስምምነት አሥር ጊዜ ማረም። ከክርክሩ ሊከብድ ይችላል። ግን በዓይን የሚታይ ችሎት የለውም። ጠበቆች ስግብግብ ስለሆኑ ነው የሚያጣሉት የሚል ሐሜት እሰማለሁ። እንደዚያ ያሉም አይጠፉም። ብዙዎቹ ግን ሰላም ለማውረድ የሚከፍላቸው ውል ኖሯቸው አያውቅም።

ደንበኛውም ቢሆን ከደሙ ንጹህ አይደለም። ሕዝባችን ሙግት ይወዳል። በላ ልበልሃ የሚባለው የድሮው ክርክር እኮ የንግግር ጥበብ ነበር፤ ሰው ከብቦ የሚሰማው። ያ ስሜት ዛሬም አለ። ሰው ጠበቃ ሲመርጥ "ምላሱ ስለት ነው፣ አይለቅም" የተባለለትን ይፈልጋል። እኔ ራሴ "ከወንድምህ ጋር አንድ ጊዜ ቁጭ ብለን እንነጋገር" ያልኩት ደንበኛ በማግስቱ ፋይሉን ወስዶ ሌላ ጠበቃ ጋ ሄዷል። "ይኼ ሰውዬ ፈሪ ነው" ብሎ ነው አሉ።

ሌላ ሀገር ይህን እንዴት ፈቱት? በአሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ስቱ ዌብ የሚባል የፍቺ ጠበቃ ነበር። ሙግቱ አንገፈገፈው። በ1990 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር "ከዛሬ ጀምሮ የፍቺ ጉዳይ ይዤ ችሎት አልቆምም" አለ። ሥራውን ግን አልተወም። ባልም ሚስትም የየራሳቸውን ጠበቃ ይይዛሉ፣ አራቱም አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ፣ ሀብቱንም ዕዳውንም ሳይደብቁ ያወጣሉ። ዋናው ብልሃት አንድ የውል አንቀጽ ናት፦ ስምምነት ካልተደረሰና ነገሩ ፍርድ ቤት ከሄደ ሁለቱም ጠበቆች ጉዳዩን ይለቃሉ። ባለጉዳዮቹ አዲስ ጠበቃ ይፈልጋሉ። በቃ። ነገሩ ቢጣመም ጠበቃው ምንም አያተርፍም። አሠራሩ ከሚኒሶታ አልፎ ብዙ ሀገር ገብቷል፤ ብዙ ሐበሻ በሚኖርባቸው በሜሪላንድና በዋሽንግተን ዲሲም በሕግ ተደንግጓል። እዚያ ያሉ ወገኖቻችን ፍቺ ቢመጣባቸው ይህን መንገድ መጠየቅ ይችላሉ።

እኔ የገረመኝ የአንቀጿ ማጠር ነው። እዚህም ነገ ልንጽፋት እንችላለን። ጠበቃና ደንበኛ ተስማምተው እንዲህ ያለ ውል ቢፈርሙ የሚከለክላቸው ሕግ አይታየኝም።

ከፍትሐ ብሔር ወጥቼ ከባዱን ላንሳ፤ የመኪና አደጋ። ሹፌሩ ሰው ገጭቶ ገደለ እንበል። የሟች ቤት ለቅሶ ተቀምጠዋል። የሹፌሩ ዘመዶች ሽማግሌ ይዘው ሊደርሱ ይፈልጋሉ፤ ባህሉ ያዛል። ጠበቃው ግን "እንዳትሄዱ፣ ጥፋት እንደማመን ይቆጠርባችኋል" ይላል። አይሄዱም። የሟች ቤተሰብ ወራት ጠብቆ ችሎት ሲመጣ የሚሰማው "ድርጊቱን አልፈጸምኩም" የሚል የእምነት ክህደት ቃል ነው። ከዚያ ሹፌሩ ጥፋተኛ ይባላል። የቅጣት ማቅለያ ሲጠየቅ፣ ያኔ ገና ሽማግሌ ይፈለጋል! የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከልብ መጸጸትንና የበደሉትን መካስን ለማቅለያ ስለሚቆጥር የዕርቅ ሰነድ ተፈርሞ ይቀርባል። የሟች እናት ሞኝ አይደለችም። ልጇ በሞተ ሰሞን የመጣ ሰውና ቅጣት ሊወሰን ሲል የመጣ ሰው አንድ እንዳልሆኑ ታውቃለች።

ደንበኛው ራሱን ወንጀለኛ ያድርግ አላልኩም። ዝም የማለት መብቱ የተጠበቀ ነው፤ ዐቃቤ ሕግም ዕርቅ ወረደ ብሎ እንዲህ ያለውን ክስ አይተውም። ግን ሐዘን መድረስ አንድ ነገር፣ ቃል መስጠት ሌላ ነገር። ጠበቃው ሽማግሌዎቹን ቁጭ አድርጎ "ሂዱ፣ አልቅሱ፣ ማን መንገድ ስቶ ነበር የሚለውን ግን አታንሱ" ቢላቸው ደንበኛውንም አይጎዳም፣ ሐዘንተኛውንም አይረግጥም። የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ በሆነበት ሀገር ለቤተሰቡ ካሳው እንዴት እንደሚጠየቅ የሚነግር ሰው ማገናኘትም ይችላል። ከፍርድ በኋላ ደግሞ፣ ቤተሰቡ ከፈለገ፣ ሹፌሩና ቤተሰቡ የሚነጋገሩበት ቦታ ማመቻቸት ይቻላል። እነዚህ ቤተሰቦች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ስለ እስራቱ ዓመት አይደለም። "ቆመላት ወይ? አነሳት ወይ? ሐኪም ቤት የወሰዳት ማን ነው?" ነው። መልሱን የሚያውቀው ሹፌሩ ነው። እኛ ደግሞ አፉን ይዘነዋል።

አሁን አንድ አንባቢ፣ በተለይ አንዲት አንባቢ፣ "እነዚህ ጠበቆች ደግሞ እንደ ሽማግሌዎቹ 'ተይው፣ ለልጆችሽ ስትይ' ሊሉን ነው" ብትል እረዳታለሁ። ሥጋቷ ታሪክ አለው። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ ካገባ ክሱ እንዲቀር መንገድ ይሰጥ ነበር። ሁለቱ ቤተሰቦች ይታረቃሉ፣ ድግስ ይደገሳል፣ ልጅቷን የጠየቀ የለም። ያ አንቀጽ በ1996ቱ ሕግ ተሰረዘ። አስተሳሰቡ ግን ዛሬም በየመንደሩ አለ። ስለዚህ በጾታዊ ጥቃት፣ በቤት ውስጥ ድብደባ፣ አንዱ ወገን ሌላውን በሚፈራበት ነገር ሁሉ ዕርቅ ይቅር። ፍርድ ቤት፣ ፖሊስ፣ የእግድ ትእዛዝ ይኑር።

እንዲያውም ጠበቃው ዕርቅ ላይ መገኘት ያለበት ለዚህ ነው። ሽማግሌ "እሺ በይ" ሲል "ቆይ፣ ሕጉ የሚሰጣት ይህን ያህል ነው፤ ከዚህ በታች የምትቀበለው አውቃ ነው?" የሚል ሰው ያስፈልጋል። ፍቺ ላይ ሚስት የጋራ ሀብት ድርሻዋን ሳታውቅ ስትፈርም አይተናል። የታረቁበት ውል በመካከላቸው እንደ ፍርድ ይጸናል፤ ኋላ ብትጸጸት ማፍረሱ ቀላል አይደለም። ጠበቃ ሳትይዝ እዚያ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠች ሴት ችሎት ያለ ጠበቃ ከቆመችው ትብሳለች፤ ችሎት ቢያንስ ዳኛ አለ።

የሥራ ክርክር ላይ ያሉ ባልደረቦቻችን በዚህ ይቀድሙናል፤ አሠሪና ሠራተኛ ማስማማት ለምደውታል። እነሱን አልነካም።

ምን ይደረግ? በአዋጅ 1249/2013 የተቋቋመው የፌዴራል ጠበቆች ማህበር ናሙና የክፍያ ውል ያውጣ። ውስጡ አንድ አንቀጽ ይኑር፦ ጉዳዩ ከፍርድ በፊት በዕርቅ ቢያልቅ ጠበቃው የሚያገኘው ክፍያ በፍርድ ቢያልቅ ከሚያገኘው አያንስም። ደንበኛ መጀመሪያ ሲሰማው ሊያጉረመርም ይችላል። የይግባኝን፣ የሰበርን፣ የአፈጻጸምን ወጪ ደምሮ ካሰበው ግን ይገባዋል። ሁለተኛ ናሙና ለቤተሰብና ለውርስ ጉዳይ ይዘጋጅ፤ ያችን ከሚኒሶታ የመጣች አንቀጽ የያዘ። ደግሞ እንሠለጥናለን ካልን ሥልጠናው አዋጅ ማንበብ ብቻ አይሁን፤ የተቆጣ ሰው ፊት እንዴት ይቀመጣል የሚለውንም ያስተምረን። የሕግ ትምህርት ቤቶቻችን በምስለ ችሎት ውድድር ተማሪውን ለክርክር ያሠለጥኑታል፤ ማስማማትን ግን ከአንድ ኮርስ በላይ የሚቀምሰው ጥቂቱ ነው።

የናሙና ውሎቹን በነጻ ለማርቀቅ ፈቃደኛ ነኝ፤ ሌሎችም እንዳሉ አውቃለሁ። ማህበሩ ይጥራን።

ከሰላምታ ጋር፣
በአዲስ አበባ በጥብቅና ሥራ ላይ የሚገኝ አንባቢያችሁ