የእህል ዋጋ በፎቶ ሳይሆን በሠንጠረዥ ይውጣልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በደብረ ማርቆስ ከተማ በአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር በሒሳብ ሠራተኛነት አገለግላለሁ። ከሥራዬ አንዱ በየሳምንቱ በድረ ገጽ የሚወጣውን የእህል ዋጋ መዝግቦ ለአባሎቻችን ማሳወቅ ነው። ዋጋውን የሚያወጣው መሥሪያ ቤት ከብቸና፣ ከደጀን፣ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ገበያዎች መረጃ በትጋት ይሰበስባል። ይሁን እንጂ በኮምፒውተር የተዘጋጀውን ሠንጠረዥ አትሞ፣ ማኅተም አሳርፎበት፣ በስልክ ፎቶ አንሥቶ ስለሚለጥፈው ያ ሁሉ ድካም መጨረሻው ላይ ከንቱ ይቀራል።

ፎቶው ለሚያይ ሰው ሠንጠረዥ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ቁጥርም ፊደልም የለበትም። ዓይነ ስውር የሆኑ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ስልካቸው ሌላውን ጽሑፍ ሁሉ በድምፅ እያነበበላቸው ይሠራሉ፤ የዋጋው ገጽ ላይ ሲደርሱ ግን «ምስል» የሚል አንድ ቃል ሰምተው ወደ እኔ ዞር ይላሉ። እኔም ብሆን ማኅተሙ ያረፈበትን አኃዝ 3 ይሁን 8 ለመለየት ፎቶውን እያሰፋሁ ብዙ ጊዜ አጠፋለሁ። በመቶ ቤት ላይ ያለ 3 እንደ 8 ቢነበብ በአንድ ኩንታል የ500 ብር ልዩነት ስለሚያመጣ ነገሩ ቀላል አይደለም።

መፍትሔው አዲስ ሥርዓት መግዛት አይጠይቅም። ድረ ገጾች የሚጻፉበት ኤችቲኤምኤል ሠንጠረዥን እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ያውቀዋል። የርዕስ ሳጥን «ቲኤች»፣ የመረጃ ሳጥን «ቲዲ» በሚባል ምልክት ይለያል፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ኤችቲኤምኤል 4.0 ደግሞ አንድ ርዕስ የዓምድ ይሁን የረድፍ የሚገልጸውን «ስኮፕ» ጨምሮበታል። በዚህ መልክ የተጻፈ ሠንጠረዥ ላይ ባልደረባዬ አንድ ቁጥር ሲነኩ ስልካቸው «ብቸና፣ ሰርገኛ ጤፍ» ብሎ ዋጋውን ያስከትልላቸዋል፤ እኔም ገጹን ገልብጬ መዝገቤ ላይ ስለጥፈው እያንዳንዱ ቁጥር በየቦታው ይገባል።

አንዳንድ ወጣት ባለሙያዎች ሠንጠረዥ ጊዜው ያለፈበት ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ቀድሞ ድረ ገጽ ሠሪዎች ምስልና ጽሑፍ ለመደርደር ብቻ ሠንጠረዥ ይጠቀሙ ነበር፤ ያ አሠራር የገጽን መልክና አቀማመጥ ለመወሰን የተዘጋጀው ሲኤስኤስ የሚባለው ቋንቋ ሲስፋፋ መቅረቱ ተገቢ ነው። የቀረው ግን ያለ ቦታው መግባቱ እንጂ ሠንጠረዡ ራሱ አይደለም፤ ዋጋን ከእህል ዓይነትና ከገበያ ጋር ለማያያዝ ዛሬም ትክክለኛው መሣሪያ እርሱ ነው።

የአጻጻፍ ልማዳችንም መታረም አለበት። «ጤፍ» አንድ ጊዜ ተጽፎ ከሥሩ ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛ፣ ቀይ ሲደረደሩ፣ ወይም ዋጋው ከላይኛው ጋር እኩል ነው ለማለት በየመዝገባችን የለመድነው «»» ሲደረግ፣ ሰው ይረዳዋል፤ ኮምፒውተር ግን ምልክቱን እንዳለ ይወስደዋል። በዕለቱ ገበያ ያልወጣ እህል 0 ሲጻፍበት ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል፤ አማካይ ሲሰላ ዋጋው የወረደ ይመስላልና። እንዲህ ያለው ሳጥን ባዶ ይተውና ምክንያቱ ከሠንጠረዡ ሥር ይገለጽ። መለኪያው ኪሎ ይሁን ኩንታልም በዓምዱ ርዕስ ላይ ይጻፍ።

ስለ ቀኑም አንድ ነገር ልጨምር። ለአንባቢው መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ተብሎ ሲታይ ከበስተጀርባ «ታይም» በሚባለው ምልክት 2024-09-11 ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። የራሳችንን አቆጣጠር ሳንተው ኮምፒውተሩም ቀኑን በትክክል ያውቀዋል።

መሥሪያ ቤቱ ፎቶውን የሚመርጠው ማኅተሙ እንዲታይ መሆኑን እገምታለሁ፤ ዋጋ በሐሰት በሚሠራጭበት ጊዜ ይህ ሥጋት ተገቢ ነው። ማኅተም ያለበት ቅጂ ከሠንጠረዡ ሥር ተያይዞ ሊወጣ ስለሚችል አንዱ ሌላውን አያስቀርም። የእናንተም ጋዜጣ ይህንኑ ፎቶ እንዳለ በድረ ገጹ ላይ ስለሚያወጣ፣ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ቁጥሮቹን በሠንጠረዥ ጽፋችሁ እንድታወጡልን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ