በሻይ ስለሚዋጠው የብረት ኪኒን፦ ግልጽ ደብዳቤ ለትምህርት ሚኒስቴር

ለትምህርት ሚኒስቴር የከፍተኛ ትምህርት ዘርፍ
ጉዳዩ፦ በመጀመሪያ ዓመት የሥነ ሕይወት ኮርስ ሥነ ምግብ እንዲካተት ስለ መጠየቅ

የተከበራችሁ የዘርፉ ኃላፊዎች፣

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን ጠቅላላ ሥነ ሕይወት የማስተምር መምህር ነኝ። ባለፈው ዓመት አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ ደም ማነስ አለብሽ ተብላ ከክሊኒክ የተሰጣትን የብረት ኪኒን በተማሪዎች ምግብ ቤት በር ላይ በሻይ ስትውጥ አገኘኋት። ስለ ሂሞግሎቢን (ብረት ስላለው የደም ፕሮቲን) የጻፈችውን መልስ ያረምኩት እኔ ነኝ፤ አንድ ነጥብ አልቀነስኩባትም። ሻይ ብረቱን ይዞ አንጀቷ እንዳይመጠው እንደሚከለክል ግን አላስተማርኳትም። በኮርሱ ማስተማሪያ ሞጁል ውስጥ የለማ!

የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ኮርሶች በ2012 ዓ.ም. ተመልሰው ሲመጡ ደስ ካላቸው መምህራን አንዱ ነበርኩ። ሞጁሉ ከሕይወት ሞለኪውሎች ተነሥቶ በሕዋስ፣ በዘረመልና በተላላፊ በሽታዎች አልፎ ሥነ ምኅዳር ይደርሳል። ስለምንበላው ነገር ግን ራሱን የቻለ ምዕራፍ የለውም። የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎችማ ይህንንም አይወስዱም።

ስለ ኢንዛይም (ኬሚካዊ ለውጥን ስለሚያፋጥን ፕሮቲን) ሳስተምር "ቤታችሁ ሲሠራ ያያችሁት ኢንዛይም አለ?" ብዬ እጠይቃለሁ። አንዱ "ምራቅ" ይላል፣ ሌላው ዝም። ሊጥ ሲቦካ፣ አብሲት ሲጣል እያዩ ያደጉ ልጆች እርሾን የሚያነሣው የለም። ጤፍ ብረት አለው እያልን እንኮራለን (ከፊሉ ከአውድማው አፈር እንደሚመጣ ስነግራቸው ይስቃሉ)፤ ነገር ግን በእህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለ ውሕድ ብረቱን ጨምድዶ ይይዘዋል። ሊጡ ቀናት ቆይቶ ሲቦካ ፋይቴዝ የተባለው ኢንዛይም ፋይቴቱን ይሰባብረዋል፤ ብረቱም ለአንጀት ይቀርባል። ከወጡ ጋር ቃሪያ ወይም ሎሚ ሲኖር ደግሞ ቫይታሚን ሲ መመጠጡን ያግዛል። ኢንዛይም፣ አሲድ፣ የአንጀት ግድግዳ፣ ቀይ የደም ሕዋስ፦ የአራት ሳምንት ትምህርት በአንድ ትሪ ላይ ቀርቦ ሳለ እኛ በሰሌዳ ላይ ሣጥንና ቀስት እንሥላለን።

ጓያም አለ። በድርቅ ዘመን ጓያን ብቻ ለወራት የበሉ ሰዎች እግራቸው ሽባ የሚሆነው በእህሉ ውስጥ ባለ አንድ አሚኖ አሲድ የተነሣ ነው። የአሚኖ አሲድን ትርጉም ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም፤ ከክፍሌም ይህን በሰፈሩ ያየ ተማሪ ጠፍቶ አያውቅም።

"ሞጁሉ ሞልቷል" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እውነት ነው። እንግዲያው የክሬብስ ዑደትን (ሕዋስ ከምግብ ኃይል የሚያወጣበትን ሂደት) ውሕዶች በቅደም ተከተል የማሸምደዱ ነገር ይቀነስ። ተማሪው ከፈተናው ማግሥት የሚረሳው እሱን ነው፤ እኔም ሳላነብ አልገባም።

የምጠይቀው አዲስ ኮርስ አይደለም። ሁለት ሳምንት በጠቅላላ ሥነ ሕይወት ውስጥ፣ ለማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ደግሞ ሁሉም በሚወስደው የአካል ብቃት ኮርስ ውስጥ ጥቂት ክፍለ ጊዜ፣ እንዲሁም አንድ የቤተ ሙከራ ሥራ። እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ ወይም ከሱቅ ቁንጥር ጨው ያምጣ፤ የመመርመሪያው ጠብታ ሲያርፍበት ወይን ጠጅ ከሆነ አዮዲን አለው፣ ነጭ ሆኖ ከቀረ የለውም። መመርመሪያው ውድ አይደለም። አንዴ ሞክሬው ተማሪዎቼ የምግብ ቤታችንን ጨው ካልመረመርን አንወጣም አሉኝ።

መንግሥት በ2007 ዓ.ም. በሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስወገድ ቃል ገብቷል። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 37 በመቶው ቀንጭረው ተገኝተዋል። ዛሬ ከፊቴ የሚቀመጡት ወጣቶች ብዙዎቹ ነገ አባትና እናት ይሆናሉ።

ሞጁሉ በሚቀጥለው ሲከለስ ይህ ጥያቄ ለከላሾቹ እንዲቀርብልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የጨውን ሙከራ መመሪያ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አዘጋጅቻለሁ፤ ስትፈልጉት ያለ ክፍያ እሰጣለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የሥነ ሕይወት መምህር